የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ከወንበሩ ሌላ ምን አለው? ከጎንደር ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በዩኒቨርሲቲው የማራኪ፣ የአፄ ቴዎድሮስ፣ የአፄ ፋሲል፣ የጤዳ ወይም የሕክምናና ጤና ሳይንስ ግቢ ለሚማሩ፣ እንዲሁም በመምህራን ትምህርት ኮሌጁና በከተማው የግል ኮሌጆች ላሉ ተማሪዎች የሚሆኑ ናቸው። የመክፈቻ ሰዓት፣ የውሰት ቀናትና የቅጣት መጠን እዚህ አይገኙም። እነርሱ በየቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፈዋል፤ በየጊዜውም ይለዋወጣሉ።

መምህሩ የሰጠን ሃንድአውት አለኝ። ላይብረሪ የምሄደው ጸጥታ ፍለጋ ብቻ ነው። ሌላ ምን ይጠቅመኛል?

ብዙው ተማሪ ቤተ መጻሕፍትን የሚያውቀው በወንበሩ ነው። ደብተሩን ይዞ ይገባል፣ የራሱን ሃንድአውት አንብቦ ይወጣል፤ ጀርባውን የሰጠው መደርደሪያ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ይመረቃል። አልነቅፈውም። ዶርም ውስጥ አንዱ ሲያወራ፣ ሌላው ሙዚቃ ሲከፍት፣ ሦስተኛው ልብስ ሲያጥብ ጸጥ ያለ ወንበር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በዚያ ቤት ካለው ሀብት ሁሉ ትንሹ ወንበሩ ነው።

ሃንድአውት የአንድ መምህር ምርጫ ነው። መምህሩ ከጥቂት መጻሕፍት መርጦ፣ አሳጥሮ፣ አንዳንዴም ያለፈውን ዓመት ስላይድ አስተካክሎ ያዘጋጀዋል። ለክለሳ ይበቃል፤ ያልገባን ነገር ለመረዳት ግን አይበቃም። ያልገባችሁን አጭር ዐረፍተ ነገር ደጋግማችሁ ብታነቡት ያው ነው። ያንኑ ሐሳብ ሌላ ሰው በሌላ አገላለጽ፣ ከምሳሌና ከሥዕል ጋር ሲያስረዳው ግን ብዙ ጊዜ ይፈታል። ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ በአራት ነጥብ ከተዘረዘረበት ስላይድ ይልቅ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ በሥዕል የሚያሳይ የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ ይሻላል። ለአካውንቲንግ ተማሪ ደግሞ ትልቁ ጥቅም በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉት መልመጃዎች ናቸው። አብዛኛው ተማሪ እነዚያን ገጾች ሳይነካቸው መጽሐፉን ይመልሳል፤ የፈተና ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚያ አካባቢ ነው።

የመውጫ ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው ሁለተኛ ዓመት ላይ የወሰዳችሁትንም ትምህርት ይጠይቃል። የያኔው ሃንድአውት እስከዚያ ድረስ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ለታናሾች ተላልፏል፣ ወይ ሻይ ፈስሶበታል። መጽሐፉ ግን የተተወበት መደርደሪያ ላይ ነው።

አዲስ ገቢ ነኝ። ከየት ልጀምር?

መታወቂያ አውጡ፣ በውሰት ክፍሉ ተመዝገቡ፣ የተለጠፈውን ደንብ አንብቡ። ከዚያ ምንም መጽሐፍ ሳትፈልጉ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተዘዋወሩ፤ የትምህርት ክፍላችሁ መጻሕፍት የት እንዳሉ ብቻ እዩ። ቦርሳ ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ ስለሚቀር ስልክና ገንዘባችሁን አብራችሁ አታስቀምጡ።

በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ምን ማለት ነው?

የመጽሐፉ አድራሻ ነው፤ የጥሪ ቁጥር ይባላል። በብዙ ኮሌጆች ቁጥሩ የሚሰጠው አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው የአመዳደብ ሥርዓት ነው። ዕውቀት በሙሉ ከ000 እስከ 999 ባሉ ቁጥሮች በ10 ዋና ክፍሎች ይመደባል። ሕግ በ340ዎቹ፣ ሒሳብ በ510ዎቹ፣ ሕክምና በ610ዎቹ፣ ግብርና በ630ዎቹ፣ የሒሳብ አያያዝ 657፣ አስተዳደር ወይም ማኔጅመንት 658፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይገኛሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ደግሞ መጀመሪያው አካባቢ፣ 005 ላይ ነው። በፊደል የሚጀምር ምልክት ካያችሁ ቤተ መጻሕፍቱ የሚከተለው ሌላ ሥርዓት ነው ማለት ነው፤ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለብቻቸው የሚጠቀሙበት ሥርዓትም አለ። ልዩነቱን ማጥናት አያስፈልጋችሁም፤ ቁጥሩን እንዳለ ቀድታችሁ ተከተሉት።

ተማሪን የሚያሳስተው ነጥቡ ነው። ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር አይነበብም፤ አስርዮሽ ነው። ስለዚህ 616.12 የሚመጣው ከ616.9 በፊት ነው። ስለ ልብ በሽታ የሚያወሩት 616.12 ላይ፣ ስለ ሳንባ የሚያወሩት 616.24 ላይ፣ ስለ ነርቭ የሚያወሩት 616.8 ላይ፣ ስለ ወባ የሚያወሩት 616.936 ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ይቆማሉ። «12 ከ9 ይበልጣል» ብሎ 616.12ን ከ616.9 በኋላ የፈለገ ሰው መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል።

ቁጥሩን ስትደርሱበት የፈለጋችሁትን መጽሐፍ ብቻ መዛችሁ አትሂዱ። የቁጥሩ ትልቁ ጥቅም ጎረቤቶቹን ማሳየቱ ነው። መምህሩ ያዘዘው መጽሐፍ በሰው እጅ ቢሆን እንኳ በግራና በቀኙ ስለዚያው ጉዳይ የጻፉ ሌሎች አሉ፤ አንዳንዴም ከታዘዘው ይልቅ የሚገባው ከጎኑ ያለው ቀጭን መጽሐፍ ይሆናል። ስትጨርሱ መጽሐፉን በግምት ወደ መደርደሪያ አትመልሱት፤ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ቦታውን ስቶ የተቀመጠ መጽሐፍ በካታሎጉ ላይ «አለ» ይባላል፣ ለሚፈልገው ሰው ግን የለም።

በኮምፒውተር ካታሎግ ፈልጌ አጣሁ። የለም ማለት ነው?

ገና አልተረጋገጠም። ካታሎግ የሚያውቀው የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ላይ ይህ ከባድ ችግር ነው፤ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የመዘገበ ሠራተኛ አለ፣ «ስነ ጽሁፍ» ብሎ የመዘገበም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ በአንዱ ሲጠፋ በሌላው ሞክሩ፤ ወይም ከርእሱ ውስጥ አወዛጋቢ ፊደል የሌለበትን አንድ ቃል ብቻ ጻፉ። አንዳንድ ካታሎግ ደግሞ የአማርኛውን ርእስ በላቲን ፊደል ነው የያዘው፤ ያኔ አጻጻፉ እንደ መዝጋቢው ይለያያል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

የደራሲ ስምም የራሱ ጣጣ አለው። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። የውጭ አሳታሚዎችና የመረጃ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ስም ያስቀድማሉ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በአገር ውስጥ ካታሎግ «ባሕሩ» ተብለው ይፈለጋሉ፤ በውጭ መረጃ ቋት «ዘውዴ» ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያዊ ደራሲን መጽሐፍ ስትፈልጉ በሁለቱም መንገድ ሞክሩ፤ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ዋቢ ስትጽፉ ደግሞ አማካሪያችሁ የሚፈልገውን አንዱን መንገድ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት።

አንዳንድ መጽሐፍ ለምን ወደ ዶርም አይወጣም?

ቅጂው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ነው። በተለምዶ ሪዘርቭ የሚባለው ይህ ክፍል መጽሐፉን ለሰዓታት ብቻ፣ እዚያው ቤት ውስጥ እንዲነበብ ይሰጣል። መዝገበ ቃላት፣ አትላስና ኢንሳይክሎፔዲያም እንደዚሁ አይወጡም። ከሰዓት በኋላ ተሰልፎ ከማጣት ጠዋት በመክፈቻ ሰዓት መድረስ ይሻላል፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

መጽሐፎቹ አሮጌ ናቸው። ለምን ጊዜዬን አጠፋለሁ?

መጽሐፍ የሚያረጀው እንደየዘርፉ ነው። የሰው አጥንት ቁጥር አልተለወጠም፤ የአናቶሚ አትላስ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ቢታተምም ያስተምራል። ካልኩለስም፣ የሰዋስው መጽሐፍም፣ የታሪክ ጥናትም በዕድሜው ብቻ አይጣልም።

አደጋው ያለው በሌላ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ምርጫ የነበረውን ክሎሮኩዊን የበሽታው ተሕዋሲ መድኃኒቱን በመላመዱ ምክንያት ትታ ወደ ፋንሲዳር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ወደ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ተሻግራለች። ከዚያ በፊት የታተመ የሕክምና መጽሐፍ የበሽታውን ባሕርይ በትክክል ሊያስረዳችሁ ይችላል፤ የመድኃኒቱን ምዕራፍ ግን ለታሪክ ያህል ብቻ አንብቡት። የሕግ ተማሪም እንዲሁ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአብዛኛው አሁንም ይሠራል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ግን በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተተክቷል። ሦስቱም ከነማብራሪያቸው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። መደርደሪያው የትኛው እንደተሻረ አይነግራችሁም።

ስለዚህ መጽሐፍ ስታነሡ መጀመሪያ ከርእሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የኅትመት ዓመትና ስንተኛ ዕትም መሆኑን እዩ። ሰከንዶች ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው። ለአዲሱ ዕትም የግዥ ጥያቄ የሚሞላበት ቅጽ ወይም መዝገብ ካለ ደግሞ ሙሉ ርእሱን፣ ደራሲውንና ዕትሙን ጽፋችሁ አስገቡ። «አዲስ የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ይገዛልን» የሚል ጥያቄ ማንም ሊገዛው አይችልም።

የኢንተርኔት ጆርናል ስከፍት በዶላር ክፈል ይለኛል። ምን ላድርግ?

አትክፈሉ። ይህ ጥያቄ ሲመጣ የሚያሳዝነኝ ተማሪው በነጻ የተፈቀደለትን ነገር በር ላይ ቆሞ መመለሱ ነው።

ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አለ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ተቋማት የታላላቅ አሳታሚዎችን ጆርናሎችና መጻሕፍት ያለ ክፍያ እንዲያነቡ የሚያደርግ ነው፤ ኢትዮጵያም ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። በሥሩ አምስት ስብስቦች አሉ። በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ሲሆን ለጤና ነው። አጎራ በምግብና እርሻ ድርጅት አማካይነት ለግብርና፣ ኦሬ ለአካባቢ ጥበቃ፣ አርዲ ለቴክኖሎጂና ፈጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጨመረው ጎአሊ ደግሞ ለሕግ ናቸው። ምዝገባው በተቋም ስም ስለሆነ መግቢያው ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ነው። ወደ ኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ሄዳችሁ «የሂናሪ መግቢያ አለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮሌጃችሁ ካልተመዘገበ መመዝገብ የሚችል መሆኑን ለኃላፊው ንገሩት። የተሰጣችሁን የይለፍ ቃል ግን በቴሌግራም አትልቀቁት፤ አላግባብ ጥቅም ሲታይ ተቋሙ በሙሉ ሊታገድ ይችላል።

ከዚያ ውጭ ለማንም ክፍት የሆኑ አሉ። ለጤና ተማሪ ፐብሜድ የጽሑፎችን አጭር ይዘት ያሳያል፤ እኅቱ ፐብሜድ ሴንትራል ደግሞ ሙሉ ጽሑፉን በነጻ ይሰጣል። ብዙ ተማሪ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፣ በመጀመሪያው ሙሉ ጽሑፍ ሲያጣም ተስፋ ይቆርጣል። አጆል የአፍሪካ ጆርናሎችን የሰበሰበ ነው፤ የኢትዮጵያ ጆርናሎችም አሉበት፣ የውጭ መረጃ ቋት የማይዛቸው ጽሑፎች ሲሆኑ ቀድማችሁ የምታዩት እሱን ነው። በጎግል ስኮላር ስትፈልጉ ደግሞ ከብዙ ውጤቶች ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚል ማስፈንጠሪያ አለ፤ አሳታሚው ያስከፈለበትን ጽሑፍ ደራሲው በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ በነጻ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩለት፤ አድራሻው ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ አለ። በትሕትና በተጻፈ ሦስት መስመር ጽሑፉን የሚልክ ተመራማሪ ከምትገምቱት ይበዛል።

ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ መብራት ሲጠፋስ?

በቅድሚያ ማውረድ ነው። ጽሑፉን በኢንተርኔት ላይ እያነበባችሁ አትቆዩ፤ ሲሠራ አውርዳችሁ፣ በጸሐፊውና በዓመቱ ሰይማችሁ አስቀምጡ። ስሙ በቁጥር ብቻ የሆነ ፒዲኤፍ ከወር በኋላ ምን እንደነበር አታስታውሱትም። ኪዊክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ ወይም በከፊል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢጭነው ብዙ ተማሪ ይጠቀምበታል። ፍላሽ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ከሰካችሁ በኋላ ቫይረስ ሳታጣሩ ወደ ራሳችሁ አታምጡት።

መብራት ሲጠፋ ተማሪው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ሲወጣ አያለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፊ መስኮት አጠገብ፣ ሺህ መጽሐፍ መካከል ተቀምጦ «ዛሬ ማጥናት አልተቻለም» ማለት ምን ይባላል?

ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጎንደርና አካባቢው የሚሆን ነገር ይገኛል?

ይህ ጎንደር መማር ከሚያስገኘው ጥቅም ዋናው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ከእናንተ በፊት የተመረቁት የጻፏቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች እዩ። እነዚህ በየትኛውም የመጽሐፍ መደብር አይሸጡም፤ ያሉት በቤተ መጻሕፍቱ ልዩ ክፍል ወይም በተቋሙ ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ ነው። የአዘዞ ገበያ፣ የደንቢያ ገበሬ፣ የከተማው የውኃ አቅርቦት፣ የመተማ የቀን ሠራተኛ እዚያ ውስጥ አሉ። የጤና ትምህርቱ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጀምሮ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ መላክ የጎንደር ባሕል ነው፤ ስለዚህ ስለ አካባቢው የተጻፈው ብዙ ነው። ስታነቡ ግን ሐሳባቸውን ለመቅዳት አትቸኩሉ። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ለወደፊት ጥናት የሚሆን» የምትለዋን ክፍል ተመልከቱ፤ ርእስ ለሚቸግረው ተማሪ ብዙ ጊዜ ርእሱ እዚያ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮች። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሪፖርቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በወረቀትም በፒዲኤፍም ይገኛሉ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሚያካሂደው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያም አለ፤ ከዚያ የወጡ ጽሑፎች ስለ ሰሜን ጎንደር ልደት፣ ሞትና በሽታ በአንድ ጊዜ መጠይቅ የማይደረስበት ነገር ይዘዋል። ለሕግ ተማሪ ሕጎች የሚታወጁባቸው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣና የአማራ ክልሉ ዝክረ ሕግ ተጠርዘው ከተቀመጡ ከኢንተርኔት ቅጂ የታመኑ ናቸው። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ እንዳለው ሳያውቁ በፌዴራሉ ብቻ የሚጽፉ አሉ።

ስትፈልጉ የቦታ ስም አጻጻፍ አያታልላችሁ። ጎንደር በላቲን ፊደል ቢያንስ በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ አንዱን ብቻ ከተጠቀማችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። የበሽታ ስምም እንዲሁ፦ በመተማና በሁመራ ቆላ የሚታወቀው ካላ አዛር በብዙ ጽሑፍ ርእስ ላይ ያለው ቪሰራል ሊሽማኒያሲስ በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ነው።

የታሪክ፣ የግእዝና የቅርስ ተማሪዎች ጉዳይ ከዚህ ይሰፋል። ፋሲል ግቢን የጎበኘ ሁሉ በጻድቁ ዮሐንስ ስም የሚጠራውን የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ አይቶታል፤ ይህ ከተማ መጽሐፍ ለብቻው ቤት ሲሠራለት ያየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ወደ መቅደላ ካጓጓዟቸው ብራናዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ ለንደን ናቸው። ስለዚህ ስለ ጎንደር የብራና ቅርስ የሚጽፍ ተማሪ ግማሽ ሥራው የሩቅ ካታሎግ ማንበብ ነው። ደስ የሚለው፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተጀመረ ሥራ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይዟል፤ ብዙዎቹንም በነጻ ለተመዘገበ አንባቢ በኢንተርኔት ያሳያል። ደብሩ ድረስ ሄዳችሁ ብራና ለማየት ከፈለጋችሁ ከኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ አስተዳዳሪውንም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን ምን ብዬ ልጠይቅ? ኃይለኛ ይመስላሉ።

ቀኑን ሙሉ «ዝም በሉ» ሲል የዋለ ሰው ፊቱ ቢጠቁር አይገርምም። ጥያቄ ሲመጣላቸው ግን ብዙዎቹ ይለወጣሉ፤ የሠለጠኑበት ሥራ እሱ ነውና። ችግሩ ከጥያቄው ነው። ተማሪው «ጋሼ፣ ስለ ወባ መጽሐፍ አለ?» ይላል። እሳቸውም «አለ የኔ ልጅ፣ እዚያ ጋ» ይላሉ፤ በዚሁ ያበቃል። ይልቅስ እንዲህ ቢል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። በደንቢያ አካባቢ ሰው አጎበር ለምን እንደማይጠቀም ልጽፍ ነው። ከዚህ በፊት የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ይኖር ይሆን? ካታሎጉ ላይ በወባ ፈልጌ የሕክምናውን ብቻ ነው ያገኘሁት።»

ምን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደሞከራችሁ፣ ምን እንደጎደላችሁ ሦስቱንም ተናግራችኋል። ሠራተኛው ከዚህ በኋላ አጎበር በሚለው፣ በጤና ትምህርት ክፍል፣ በዓመት እየለየ ሊፈልግላችሁ ይችላል። ለፈተና ሰሞን አትጠብቁ፤ ያኔ ለማንም ጊዜ የላቸውም።

መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ወይም በስልክ ማንሣት ይፈቀዳል?

የምትፈልጉትን ምዕራፍ ለራሳችሁ ጥናት አንድ ጊዜ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ መጽሐፉን አባዝቶ በግቢው በር መሸጥ ሌላ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ከዚህ ሊጠብቅ ስለሚችል ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የመመረቂያ ጽሑፎችን ማንሣት ብዙ ቦታ ክልክል ነው። ስታነሡም የርእሱን ገጽና የኅትመት ዓመቱ ያለበትን ገጽ አብራችሁ አንሡ፤ ዋቢ ስትጽፉ ሌሊት ላይ ከየት እንዳመጣችሁት አትፈልጉም።

ገጽ ቀድዶ ለሚወስድ ግን የምለው ብዙ ነው፣ ለዚህ ቦታ ስለማይሆን ልተወው። ከፈተና በፊት የተቀደደችው ገጽ ሁልጊዜ የምትፈለገዋ ገጽ ናት።

በፈተና ሰሞን ቦታ አይገኝም። ደብተር አስቀምጬ ቦታ መያዝ ነውር ነው?

ለሽንት ወጥቶ ለሚመለስ ነውር አይደለም። ጠዋት አንድ ደብተር አስቀምጦ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ግን የሌላ ሰው ግማሽ ቀን ወስዷል።

ጎግልና ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያለ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርግልኛል?

ሁለቱንም ተጠቀሙ፤ እኔም እጠቀማለሁ። ከባድ አንቀጽ በቀላል ቋንቋ እንዲያብራራላችሁ መጠየቅ ጥሩ ነው። ዋቢ ስጠኝ ስትሉት ግን ተጠንቀቁ፦ እነዚህ ፕሮግራሞች የሌለ ጽሑፍ ከነጸሐፊው፣ ከነጆርናሉና ከነገጹ አሳምረው ሊፈጥሩ ይችላሉ። ርእሱን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጋችሁ በጎግል ስኮላርና በካታሎጉ ፈልጉት። ከሁለቱም ከጠፋ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ እንዳይገባ። መርማሪ መምህር አንዷን የሐሰት ዋቢ ካገኘ የቀረውንም ማመን ያቆማል።

መጽሐፍ ጠፋብኝ። ምን ይደረጋል?

ሳይውል ሳያድር አሳውቁ። በብዙ ቦታ ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ መተካት ወይም ዋጋውን መክፈል ይቻላል። ዝም ካላችሁ ጉዳዩ የሚነሣው በምረቃ ዋዜማ፣ ክሊራንስ ስታስፈርሙ ነው፤ ቤተሰብ ከሩቅ አገር ተሳፍሮ እየመጣ፣ እናንተ ፒያሳ ለፒያሳ መጽሐፍ ፍለጋ ትዞራላችሁ።

ከተመረቅሁ በኋላስ?

በተቋሙ ስም የሚገኘው የሂናሪና መሰሎቹ መግቢያ ተማሪነታችሁ ሲያበቃ ያበቃል፤ የምትሠሩበት ሆስፒታል፣ የምርምር ማዕከል ወይም መሥሪያ ቤት ግን በራሱ ሊመዘገብ ይችላል። ፐብሜድ ሴንትራል፣ አጆልና የሂል ብራናዎች እንደተከፈቱ ናቸው። ኮሌጃችሁ ለቀድሞ ተማሪዎች የንባብ ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ ክሊራንሱን በምትጨርሱበት ቀን እዚያው ጠይቁ። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለላችሁ፤ በአገሪቱ የታተመውን በሕግ እየተቀበለ የሚያኖር ስለሆነ ጎንደር ላይ ፈልጋችሁ ያጣችሁትን የአማርኛ መጽሐፍ መጀመሪያ እዚያ ሞክሩ።